ያማረ መግቢያ፣ የጠበበ መውጫ
የማርሻልና ፎክስ ቴአትር ቤቶችና ሆቴሎች ሲመዘኑ

ሰዎች መጽሐፍን ይተቻሉ፤ ዘፈንን ይተቻሉ፤ ቴአትር አይተው ሲወጡም “ተዋናዩ ጥሩ ነበር፣ ታሪኩ ግን ደከመ” ይላሉ። ቤትን ግን እንደዚህ የሚመዝን ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ትልቅ ሕንፃ ሲያይ ወይ ቀና ብሎ ያደንቃል፣ ወይም ልብ ሳይለው ገብቶ ጉዳዩን ፈጽሞ ይወጣል። ሆኖም መጽሐፍ ካልጣመ ይከደናል፤ ዘፈን ካልጣመ ይዘጋል። ሕንፃ ግን ባይስማማንም በውስጡ መኖር፣ በውስጡ መታከም፣ በውስጡ መማር ግድ ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መመዘን ያለበት ሕንፃ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ጉዳይ አዲስ ገቢ የሆኑ ቤተሰቦችን ይበልጥ ይመለከታል። በጎንደርም ሆነ በትግራይ ገጠር የኖሩ ወላጆቻችን ጎጇቸውን የሠሩት ራሳቸው ከጎረቤት ጋር ሆነው እንጨቱን ቆርጠው፣ ጭቃውን ረግጠው፣ ሣሩን አጭደው ነው። በሩ ለምን ወደዚያ እንደዞረ፣ ምድጃው ለምን እዚህ እንደተተከለ ያውቁ ነበር። እዚህ አገር ግን የምንገባበትንና የምንወጣበትን ቤት ሁሉ ሌላ ሰው አስቦ ሌላ ሰው ሠርቶታል። መርካዝ ክሊታው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ሠርግ የምንደግስበት አዳራሽ ሁሉ እንዲሁ ነው። እንግዲህ “ይህ ቤት ማንን አስቦ ተሠራ?” ብሎ መጠየቅን መልመድ ቋንቋ ከመልመድ ያልተናነሰ የክሊታ ክፍል ነው ብለን እናምናለን።

ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ቴአትር ቤቶችንና ሆቴሎችን ይነድፍ የነበረውን “ማርሻልና ፎክስ” የተባለውን የሥነ ሕንፃ ድርጅት መርጠናል። የመረጥነውም ሥራው ሁሉ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ሁሉም ጥሩ ስለሆነም አይደለም። የሕንፃ ውበት ለሰው ምን ሊያደርግለት እንደሚችልና ምን ሊያደርግበት እንደሚችል በአንድ ድርጅት ሥራ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚታይ ነው። በጽሑፋችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ሰዎች

ቤንጃሚን ማርሻል በ1874 በቺካጎ ተወለደ። የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም፤ ሙያውን የቀሰመው በሌላ አርክቴክት ቢሮ ተቀጥሮ እየሠራ ነው። ዓይኑ ለጌጥ፣ ለድግስና ለትርኢት የተሳለ ነበር። ቻርልስ ፎክስ ግን በትምህርት የሠለጠነና በቺካጎ ስመ ጥር በነበረው በሆላበርድና ሮች ቢሮ የሠራ ሰው ነው። ሁለቱ በ1905 ተጣምረው ድርጅታቸውን አቋቋሙ። በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ገደማ የሀብታም ቺካጎን መልክ ከሰጡት ባለሙያዎች መካከል ተቆጠሩ። ሆቴል፣ ቴአትር ቤት፣ የሀብታሞች ክለብ፣ አንዱ ቤተሰብ አንድ ፎቅ ሙሉ የሚይዝበት የመኖሪያ ሕንፃ፣ እነዚህን ሁሉ ሠሩ። ፎክስ በ1926፣ ማርሻል በ1944 ዐረፉ።

ሆኖም ድርጅቱ ከመቋቋሙ ከሁለት ዓመት በፊት ማርሻል ብቻውን የነደፈው አንድ ቴአትር ቤት ነበረ። የድርጅቱን ሥራ ለመመዘን የሚነሳ ሰው ከዚያ ቤት መጀመር አለበት።

ኢሮኮይ ቴአትር፣ 1903

ኢሮኮይ ቴአትር በቺካጎ በራንዶልፍ መንገድ ላይ በኅዳር ወር 1903 ተከፈተ። ንድፉን ሲሠራ ማርሻል ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ቤቱ 1,600 ያህል መቀመጫ ነበረው። የፊት ገጹ እንደ ፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የተቀረጸ ድንጋይ ነው። በሩን አልፎ የገባ ሰው ጣሪያው እጅግ ከፍ ያለ አዳራሽ ያገኛል፤ በዚያም እብነ በረድ፣ መስተዋትና በግራ በቀኝ የሚወጣ ታላቅ ደረጃ ነበረ። ለተመልካች በሚታደለው የፕሮግራም ወረቀት ላይ “እሳት ፈጽሞ የማይበላው” የሚል ቃል ታትሞ ነበር።

በታኅሣሥ 30 ቀን 1903 ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ከተከፈተ ገና አምስት ሳምንት ሲሆነው ትምህርት ቤት ስለተዘጋ በአብዛኛው እናቶችና ልጆች ትርኢት ለማየት ገቡ። ወንበሩ ሞልቶ ቁጥራቸው ብዙ የሆነ ሰዎች ከኋላና በመተላለፊያው ቆመው ነበር። በሁለተኛው ክፍል ላይ ከመድረክ መብራት የወጣ ብልጭታ መጋረጃ አቀጣጠለ። በእሳት ጊዜ መድረኩን ከተመልካቹ እንዲለይ የተሠራው ታላቅ መጋረጃ ሲወርድ መንገድ ላይ ተያዘና ቀረ። ከመድረኩ በላይ ጢሱን ወደ ውጭ ማውጣት የነበረባቸው የጣሪያ መስኮቶች ተዘግተው ነበር። ተዋንያኑ ለማምለጥ የኋላውን በር ሲከፍቱ ነፋስ ገባና እሳቱን ወደ ተመልካቹ፣ ይልቁንም ወደ ላይኛው ሰገነት ገፋው። የሟቾቹ ቁጥር 602 ደረሰ። በአሜሪካ ታሪክ በቴአትር ቤት ቃጠሎ ይህን ያህል ሰው የሞተበት ሌላ ቀን የለም።

ይህን ታሪክ የምንጽፈው ለማስደንገጥ አይደለም። ለሕንፃ ትችት ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ስለሚገኝ ነው። እሳቱ በአጭር ጊዜ ጠፋ፤ የቤቱ ግድግዳም ቆመ። ቤቱ ታድሶ ስሙ ተለውጦ እንደገና ሥራ ጀመረ፤ እስከ 1920ዎቹም ቆየ። እንግዲህ “እሳት አይበላውም” የተባለው ቃል ለድንጋዩና ለብረቱ እውነት ነበር። ለሰዎቹ ግን እውነት አልነበረም። ቤቱ ዳነ፣ እንግዶቹ አለቁ።

ሰዎቹ ለምን አልወጡም? በር ስላልነበረ አይደለም፤ በር ነበረ። ነገር ግን መውጫ በሮቹ መልካቸው የአዳራሹን ውበት እንዳያበላሽ በመጋረጃ ተሸፍነው ነበር። “መውጫ” የሚል የሚያበራ ምልክት በላያቸው አልነበረም። አንዳንዶቹ ተቆልፈው ነበር፤ ሌሎቹም አሜሪካኖቹ የማያውቁት ዓይነት መቀርቀሪያ ነበራቸውና ሰዉ እያገላበጠ ሊከፍታቸው አልቻለም። አንዳንዶቹ ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ነበሩ፤ ከኋላ ሕዝብ ሲገፋ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ግድግዳ ማለት ነው። በር መስለው የተሠሩ ጌጦችም ነበሩ፤ በጨለማ ሰው እነሱን ሲገፋ ሕይወቱ አለፈ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የደረጃው ነገር ነው። የከተማው ሕግ እያንዳንዱ ሰገነት የየራሱ ደረጃና መውጫ እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። ማርሻል ግን ከላይ የሚወርደውንም ከመካከል የሚወጣውንም ሕዝብ ወደዚያው ወደ ታላቁ ደረጃና ወደ ታላቁ አዳራሽ አገናኘው። ለዓይን ይህ ያማረ ሐሳብ ነው። በሰላም ጊዜ ሀብታሙም ድሃውም በአንድ ውብ ደረጃ ይወጣል፤ ሰው ሰውን ያያል፤ ራሱም ይታያል። በጭንቅ ጊዜ ግን ከሦስት አቅጣጫ የሚሮጥ ሕዝብ በአንድ ቦታ ተገጣጠመ። በፎቶግራፍ ላይ ሁሉም ያደነቀው ቦታ አስከሬን የተቆለለበት ቦታ ሆነ።

ፍርድ ስንሰጥ ሚዛን መጠበቅ ይገባል። በደረጃው ላይ የብረት መዝጊያ አድርገው የቆለፉት አርክቴክቱ ሳይሆን የቤቱ አስተዳዳሪዎች ናቸው። የቆለፉበትም ምክንያት በርካሽ ቲኬት ላይኛው ሰገነት የተቀመጠው ሰው ወርዶ በውዱ ወንበር እንዳይቀመጥ ነው። የበዓሉ ገቢ እንዳያመልጣቸው ሥራው ሳያልቅ የከፈቱት ባለቤቶቹ ናቸው። አይቶ እንዳላየ ያለፈው የከተማው ተቆጣጣሪ ነው። በመጨረሻ ክሱ ለዓመታት ተጓትቶ በሞቱት ሰዎች ጉዳይ ከኃላፊዎቹ ማንም ጥፋተኛ ሳይባል ቀረ። ነገር ግን መዝጊያውን የቆለፈው ሰውና በሩን በመጋረጃ የሸፈነው ሰው አንድ ሐሳብ ነበራቸው። ይኸውም ተመልካች ማለት ገብቶ የሚከፍል፣ ተቀምጦ የሚያደንቅ ሰው ነው የሚል ነው። ተነሥቶ መውጣት የሚፈልግ ሰው፣ ይልቁንም ከላይ በርካሹ ቦታ የተቀመጠ ሰው በሐሳባቸው ውስጥ አልነበረም።

ከቃጠሎው የተገኘ ትምህርት

ከዚያ ቀን በኋላ የቺካጎ ቴአትር ቤቶች ተዘግተው ተመረመሩ፤ ሕጉም በብዙ ከተሞች ጠበቀ። በሮች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ፣ በላያቸው የሚያበራ ምልክት እንዲኖር፣ የመድረኩ መጋረጃ በእርግጥ እሳት የሚከለክል እንዲሆን ተደረገ። በኢንዲያናፖሊስ ከተማ የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴ የነበረው ካርል ፕሪንዝለር በዚያ ቀን ወደ ቴአትሩ መሄድ አስቦ ሳይሄድ ቀርቶ የተረፈ ሰው ነው። እሱም ከሄንሪ ዱፖንት ጋር ሆኖ ሰው በአካሉ ሲገፋው ብቻ የሚከፈት በር ላይ የሚጋደም ብረት ሠራ፤ በ1908ም ለገበያ ቀረበ።

ያን ብረት ሁላችንም እናውቀዋለን። በልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ በሲኒማ፣ በሠርግ አዳራሽ በር ላይ በወገብ ቁመት የተጋደመው ብረት ነው። በዕብራይስጥ “ያዲት ቤሃላ” ይባላል፤ የድንጋጤ እጀታ ማለት ነው። ከበሩ በላይ በአረንጓዴ የሚበራው “ዬጺአ” የሚለው ጽሑፍም የዚያው ትምህርት ልጅ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው፣ ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ፣ በፍርሃት ልቡ የጠፋበት ሕፃን ሁሉ እንዲወጣ ተብሎ የተሠራ ነው። ለእኛ አመለካከት ከታላቁ የእብነ በረድ ደረጃ ይልቅ ይህች ተራ ብረት የበለጠ ክብር ለሰው ትሰጣለች።

ብላክስቶንና ድሬክ፦ እንግዳን የማክበር ጥበብ

አሁን ወደ ድርጅቱ ጥሩ ሥራ እንለፍ። ማርሻልና ፎክስ በ1908 እና በ1910 መካከል ብላክስቶን ሆቴልን በሚሺጋን ጎዳና ላይ ሠሩ። ቤቱ በቀይ ጡብና በነጭ የሸክላ ጌጥ የተሠራ ሆኖ ከላይ ቁልቁል የሚወርድ የፈረንሳይ ዓይነት ጣሪያ ተደፍቶለታል። ከጎኑ ብላክስቶን ቴአትር በታኅሣሥ 31 ቀን 1910 ተከፈተ። ያው ባለቤት፣ ማለትም የድሬክ ቤተሰብ፣ ድሬክ ሆቴልን ደግሞ በሐይቁ ዳር አሠርቶ በ1920 መጨረሻ አስከፈተ።

በእነዚህ ሆቴሎች ላይ ማርሻል ያለው እውነተኛ ተሰጥዎ ይታያል። ሰው ከመንገድ ሲገባ ምን ይሰማዋል የሚለውን ያውቅ ነበር። በድሬክ ሆቴል በሩን እንዳለፉ ዋናውን አዳራሽ አያገኙትም። መጀመሪያ ደረጃ ይወጣሉ፤ የመንገዱ ጫጫታ ከኋላ ይቀራል፤ ሲወጡ ጣሪያው ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው አዳራሹ የሚከፈትልዎ። ከሥር ያለው ፎቅ ለሱቆች ሆኗል። በዚህ መንገድ ንግዱም አልተጎዳም፣ እንግዳውም ከገበያ መካከል ወደ ቤት የገባ ያህል ይሰማዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንግዳ ከደከመበት መንገድ ሲመጣ ቤቱ ራሱ “እንኳን ደህና መጡ” እንዲለው ማድረግ ታላቅ ጥበብ ነው። የእኛም አባቶች እንግዳ ሲመጣ እግሩን አጥበው፣ ከፍ ካለው ቦታ አስቀምጠው ነው ወሬ የሚጠይቁት። ማርሻል ያንኑ በድንጋይ ሠራው ለማለት ይቻላል።

ስለዚህ ከኢሮኮይ ተነሥቶ ድርጅቱን በሙሉ የሚኮንን ሰው ትክክል አይፈርድም። ብላክስቶን በ1998 በቺካጎ ከተማ እንደ ቅርስ ተመዘገበ፤ ተዘግቶ ከቆየ በኋላም በብዙ ወጪ ታድሶ በ2008 ተከፈተ። ድሬክም ዛሬ ድረስ ሆቴል ነው። ቤት መቶ ዓመት ሰው ሲወደው የሚኖረው በጌጡ ብቻ አይደለም፤ ስፍራው፣ ብርሃኑና ልኩ የተስማማ ሲሆን ነው።

ነገር ግን እዚህም ላይ የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ለማን ተብሎ ነው የሚል ነው። ብላክስቶን ለአሜሪካ ፖለቲካ አንድ አነጋገር አትርፎለታል። በ1920 የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ላይ መሪዎቹ በዚያ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሌሊት ተሰብስበው ዋረን ሃርዲንግ እጩ እንዲሆን ተመካከሩ ስለተባለ ሕዝብ ሳያውቅ የሚደረግ የፖለቲካ ስምምነት ሁሉ “በጢስ በተሞላ ክፍል” የተደረገ ይባላል። እንግዳን ለማክበር የታነጸ ቤት የተዘጋ በርንም አብሮ ያከብራል። ማን ውስጥ እንዳለና ማን ውጭ እንደቀረ ካልጠየቅን ምቾቱን ብቻ አድንቀን እንቀራለን።

የሳውዝ ሾር ክለብ፦ ሁለት ጊዜ የተዘጋ በር

ከድርጅቱ ሥራዎች ሁሉ እኛን በቀጥታ የሚመለከተን የሳውዝ ሾር ካንትሪ ክለብ ነው። በከተማው ደቡብ በሐይቁ ዳር በ1906 ተሠራ፤ በ1916 ደግሞ የመጀመሪያውን የዳንስ አዳራሽ አስቀርተው በሰፊው እንደገና ሠሩት። ረጅም መተላለፊያ፣ ባለ ብዙ መስኮት አዳራሽ፣ ከመስኮቱ ባሻገር ውኃና ሣር ያለው ነው። ከማርሻልና ፎክስ ሥራዎች ሁሉ በብርሃን የተሞላው ይህ ነው ብንል አንሳሳትም።

የክለቡ ደንብ ግን ጥቁሮችንም አይሁዶችንም አያስገባም ነበር። ይህን ስናነብ ቆም ብለን ማሰባችን አልቀረም። የእኛ ማኅበረሰብ ሰው በዚያ በር ላይ ቢቆም ኖሮ በአንድ ምክንያት ሳይሆን በሁለት ምክንያት ይመለስ ነበር። አንድ ነጭ አይሁዳዊና አንድ ክርስቲያን ጥቁር እየተተያዩ “አንተ በዚያ፣ እኔ በዚህ” ይሉ ይሆናል፤ ቤተ እስራኤል ግን ሁለቱንም መልስ አንድ ላይ ይቀበል ነበር።

በዘመናት ውስጥ የአካባቢው ነዋሪ ተለወጠ፤ መጀመሪያ አይሁዶች፣ በኋላም ጥቁሮች በሰፈሩ ኖሩ። ክለቡ ግን በሩን ከመክፈት ይልቅ መዘጋትን መረጠ ማለት ይቻላል፤ አባላቱ እያነሱ ሄደው በ1974 ፈረሰ። የከተማው የመናፈሻ መሥሪያ ቤት ቦታውን ገዛና ሕንፃውን ለማፍረስ አሰበ። ያን ጊዜ ሕንፃው እንዳይፈርስ የታገሉት እነማን ናቸው? ትናንት በበሩ እንዳይገቡ የተከለከሉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ተሰባሰቡ፣ ተከራከሩ፣ አዳኑትም። ቤቱ የሕዝብ የባህል ማእከል ሆነ። በ1992 ባራክ ኦባማና ሚሼል ሮቢንሰን የሠርጋቸውን ድግስ በዚያ አዳራሽ አደረጉ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሕንፃው ራሱ ክፉ አልነበረም፤ ብርሃኑም አልዋሸም። ክፉው ደንቡ ነበር። ለዚህም ነው ሰዎቹ “የእነሱ ነውና ይፍረስ” ያላሉት። ውብ ቤት የሠራው ሰው ወይም ያሠራው ሰው ብቻ ባለቤት አይደለም፤ የሚጠቀምበትና የሚጠብቀው ሰው በጊዜ ብዛት ባለቤቱ ይሆናል። እኛም በዚህ አገር “ይህ ቦታ ለእኛ አይደለም” ብለን ከምንተወው ቦታ ብዙው በእርግጥ የእኛ ነው። ወጣቶቻችን በምሽት መዝናኛ በር ላይ በመልካቸው ሲመለሱ የሚሰማን ምሬት ይታወቃል። ሆኖም በ2000 የወጣው ሕግ በመዝናኛና በሕዝብ ቦታ መግቢያ ላይ በዘርና በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ ይከለክላል፤ የተመለሰ ሰውም ፍርድ ቤት ሄዶ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ልጆቻችሁ ይህን ይወቁ።

በኢሮኮይ ቦታ ላይ

የኢሮኮይ ቤት ከፈረሰ በኋላ በዚያው ቦታ በ1926 ኦሪየንታል የተባለ ሲኒማና ቴአትር ተሠራ። የነደፉት ሌሎች ናቸው፤ የራፕ ወንድማማቾች። ያሠሩትም ባላባንና ካትዝ የተባሉ፣ ከሩሲያ ወደ ቺካጎ የተሰደዱ የአይሁድ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን የጀመሩት በስደተኞች ሰፈር በትንሽ ሲኒማ ነው። በ1917 በአይሁዶች ሰፈር የከፈቱት ሴንትራል ፓርክ የተባለው ሲኒማ አየሩን በመኪና ኃይል በማቀዝቀዝ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በበጋ በጠባብ ቤት የሚታፈን የስደተኛ ቤተሰብ በጥቂት ሳንቲም ገብቶ በቀዝቃዛ አየር እንዲቀመጥ አደረጉት።

በንድፍ ጥራት ከለካነው ማርሻል ከራፕ ወንድማማቾች የበለጠ ጨዋ ጣዕም ነበረው። ኦሪየንታል ከመጠን በላይ በጌጥ የታጨቀ፣ ምሥራቁን ዓለም እንደ አሻንጉሊት የሚያሳይ ቤት ነው። በአንድ ነገር ግን ይበልጣል። ያሠሩት ሰዎች ከላይ በርካሽ ወንበር የሚቀመጠውን ሰው ያውቁታል፤ እናታቸው ናትና፣ ጎረቤታቸው ነውና። ያን ሰው የሚያውቅ ሰው በደረጃው ላይ መዝጊያ አይቆልፍበትም። በዚያ ዘመን ጥቁሮች በብዙ ሲኒማ ቤቶች እኩል እንዳልተስተናገዱም መርሳት አይገባም። ስለዚህ ፍጹም ምሳሌ አድርገን አናቀርባቸውም፤ ቤት አሠሪው የሚያየውን ሰው ያህል ብቻ ቤቱ ሰፊ እንደሚሆን ግን ያሳዩናል።

ሆቴል ቤት ሲሆን

በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ሲገቡ ብዙ ቤተሰቦች በሆቴሎች ውስጥ እንዲያርፉ ተደረገ። ሌላ ቤት በአንድ ቀን ሊገኝ አይችልምና መልካም ሥራ ነበር። ነገር ግን ሳምንቱ ወር ሲሆን የሆቴል ጠባይ ታየ። ሆቴል የተሠራው ሁለት ሌሊት አድሮ ለሚሄድ፣ ገንዘብ ላለውና ቤቱ ሌላ ቦታ ለሚጠብቀው ሰው ነው። ምድጃ የለውም፤ እናት እንጀራ ልትጋግር፣ ቡና ልታፈላ ስፍራ የላትም። ምግብ በሰዓቱ ሌላ ሰው ያቀርባል። የመርገም ጎጆ ልማድ ለነበራቸው ሴቶች የሚሆን ገለል ያለ ቦታ አይታሰብም። አባት በቤቱ እንግዳ የሚቀበልበት ጥግ ያጣል፤ እሱ ራሱ እንግዳ ሆኗልና።

በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች በቤተሰብ ውስጥ የሚነሣውን ጠብ ብዙ ጊዜ ከሰዎቹ ጠባይ ብቻ እንፈልገዋለን። ከግድግዳውም መፈለግ ነበረብን። አባት ሥልጣኑን ያጣው ልጆቹ ስለናቁት ብቻ አይደለም፤ ማዘዝ የሚችልበት አንድም በር ስለሌለው ጭምር ነው። ማርሻል በድሬክ ሆቴል እንግዳን ማክበር ያወቀውን ያህል ሆቴል ቤተሰብን ማክበር አያውቅም። ይህ የማርሻል ጥፋት ሳይሆን የሆቴል ተፈጥሮ ነው። ስለዚህ ዛሬ በመርካዝ ክሊታ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሳላችሁ የሚሰማችሁን መጨናነቅ የቤታችሁ ጉድለት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ግማሹ የንድፉ ነው።

እንዴት እንመዝን?

የአገራችን ሰው “የውጭ አልጋ፣ የውስጥ ቀጋ” ይላል። በዚህ አገርም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በግንቦት 24 ቀን 2001 በኢየሩሳሌም በቬርሳይ የሠርግ አዳራሽ ሰው እየጨፈረ ሳለ ወለሉ ተደርምሶ 23 ሰዎች ሞቱ። ስሙ የቤተ መንግሥት ስም ነበር፤ ወለሉ ግን በደከመ ዘዴ የተሠራ ሆኖ ከሥሩ ድጋፍ ተነሥቶለት ነበር። ጌጡን ያየ ብዙ፣ ከሥሩ ያየ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ወደ ማንኛውም ሕንፃ ስትገቡ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ እንላለን። አንደኛ፣ ከሁሉ የራቀውና የረከሰው ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው በጭንቅ ጊዜ በየት ይወጣል? አዳራሽ ለሠርግ ስትከራዩ ከመብራቱና ከአበባው በፊት የመውጫውን በር ገፍታችሁ ሞክሩ፤ ወንበር ተደርድሮበት ከሆነ ይነሣ በሉ። ሁለተኛ፣ በበሩ የማይገባው ማን ነው? በጋሪ የሚሄደው አረጋዊ፣ ጽሑፉን የማያነበው እናት፣ በመልኩ የሚጠረጠረው ወጣት ይገባሉ ወይ? ሦስተኛ፣ ውስጡ የሚኖረው ሰው በቤቱ ምን የማዘዝ መብት አለው?

እነዚህ ጥያቄዎች በምትኖሩበት ሕንፃ ይጀምራሉ። በደረጃው ላይ የተደረደረ የልጅ ጋሪና ብስክሌት፣ ዕቃ የተከመረበት ሚክላት፣ የማይበራ የደረጃ መብራት ሁሉ የኢሮኮይ ታናሽ ወንድሞች ናቸው። ወደ ቫአድ ባይት ሄዳችሁ ተናገሩ፤ ቋንቋው ቢቸግር ልጃችሁ ያስተርጉም። እሳት ቢነሣ የሚደወለው በ102 መሆኑን ሕፃናትም ይወቁ።

ማርሻልና ፎክስን በመጨረሻ ስንመዝናቸው እንዲህ እንላለን። ሰውን በክብር ማስገባት ያውቁ ነበር፤ በዚህ ጥበብ የሚስተካከላቸው ጥቂት ነው። ሰውን በሰላም ማስወጣትንና ሁሉን ሰው ማስገባትን ግን ሌሎች ናቸው የጨመሩበት። ሕግ አውጪው፣ ያቺን ብረት የሠራው ነጋዴ፣ ሕንፃው አይፍረስ ብለው የቆሙት የሰፈር ሰዎች ናቸው። ቤት በአርክቴክቱ እጅ አያልቅም። የቀረውን የሚጨርሱት በውስጡ የሚኖሩት ናቸው፤ እዚህ ደግሞ የምንኖረው እኛ ነን።